ሞዴልና መቆሚያው፦ አስጡርላብን ምሳሌ ያደረገ የንድፍና የፈጣን ናሙና ትምህርት



በዚህ ገጽ የምናቀርበው ትምህርት የእጅ ሙያንና የሒሳብ ዕውቀትን የሚያገናኝ ነው። ርእሱም አንድን ሞዴል ከማሳያ መቆሚያው ጋር አብሮ መንደፍ፣ ከዚያም በፈጣን ናሙና አማካይነት እየፈተኑ ወደ ፍጻሜ ማድረስ ነው። ነገሩ በምሳሌ ካልታየ ስለማይጨበጥ፣ ለምሳሌነት የመረጥነው የሙስሊም ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩበትና ሲያሻሽሉት የኖሩትን አስጡርላብ የተባለ የሰማይ መለኪያ መሣሪያ ነው። ትምህርቱ በተለይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን፣ የሙያ ማሠልጠኛ ወጣቶችንና መምህራንን ይመለከታል።

አንባቢው ይህን ጽሑፍ ሲጨርስ ሦስት ነገሮችን ይጨብጣል ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ የሞዴል ልኬት ከየት እንደሚመጣ፤ ሁለተኛ፣ መቆሚያው ለምን ከሞዴሉ ጋር አብሮ መታሰብ እንዳለበት፤ ሦስተኛ፣ ናሙና በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራና እንደሚፈተን ነው።

1. ሞዴል ምንድን ነው? መቆሚያስ?

ሞዴል ማለት የአንድን ነገር ቅርጽ፣ አሠራር ወይም ሁለቱንም የሚያሳይ ምሳሌ ነው። ቅርጽን ብቻ የሚያሳይ ሞዴል ለዓይን የተሠራ ነው፤ ከመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ቢታይ ግዴታውን ተወጥቷል። አሠራርን የሚያሳይ ሞዴል ግን ከዚህ ይለያል። ሲነኩት መንቀሳቀስ፣ ሲጠይቁት እውነተኛ መልስ መስጠት አለበት። ከእርሱ የሚማር ልጅ ያየውን ሁሉ እንደ እውነት ይወስዳልና፣ ስሕተት ያለበት ሞዴል ምንም ከማያስተምር ሞዴል የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

መቆሚያን በሚመለከት የተለመደው አሠራር ሞዴሉ ካለቀ በኋላ አንድ ሰሌዳና አንድ ቋሚ እንጨት ፈልጎ ማቆም ነው። ይህ አሠራር ለሁሉም ነገር አይሆንም። የመርከብ ሞዴል ሆዱን የሚያቅፍ መደገፊያ ይሻል፤ የሉል ሞዴል የሚዞርበት ዘንግ ይሻል፤ አስጡርላብ ደግሞ በጥቅም ላይ ሲውል ከቀለበቱ ተንጠልጥሎ የሚሠራ በመሆኑ መንጠልጠያ ይሻል። እንግዲህ ጥሩ መቆሚያ ማለት ዕቃው በሕይወቱ የሚቆምበትን አኳኋን ሳይለውጥ የሚይዝ ነው። የዚህ ትምህርት ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነው፦ መቆሚያ የሞዴሉ አካል እንጂ ጭማሪ አይደለም።

2. አስጡርላብና ክፍሎቹ

የአስጡርላብ መሠረተ ሐሳብ ከጥንት ግሪኮች የመጣ ሲሆን፣ በእስልምናው ዓለም ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእጅጉ ተሻሽሏል። ዘመኑ ተጽፎባቸው እስከ ዛሬ ከቆዩት መካከል ቀደምት የሆነው ነስጡሉስ የተባለው ሠሪ በ315 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ927/928 የሠራው ነው፤ እርሱም በኩወይት በሚገኝ የጥንታዊ ዕቃዎች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ኢብኑ ነዲም አል-ፊህሪስት በተባለው መጽሐፉ የመሣሪያ ሠሪዎችን ሲዘረዝር፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን በሐለብ ገዥ በሰይፍ አድ-ደውላ ዘንድ ትሠራ የነበረች አል-ዒጅሊያ የተባለች ሴት ባለሙያንም ጠቅሷል። በመሣሪያው የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ለመለካት፣ የቀንና የሌሊት ሰዓትን ለማወቅ፣ የሰላት ወቅቶችንም ለመወሰን ይጠቀሙበት ነበር።

የክፍሎቹ ስሞች የሚከተሉት ናቸው። «ኡም» ማለትም እናት፣ ሌሎቹን ክፍሎች በሆድዋ የምትይዝ ጎድጓዳ ክብ ናት። «ሰፊሓ» በኡም ውስጥ የሚቀመጥ፣ የአንድ አገር የሰማይ መስመሮች የተነደፉበት ዝርግ ሳሕን ነው። «ዐንከቡት» ማለትም ሸረሪት፣ የከዋክብትን ቦታ በሹል ጫፎች የሚያመለክት፣ በሰፊሓው ላይ የሚዞር ወንፊት መሰል ክፍል ነው። «ዒዷዳ» በጀርባ በኩል የሚዞር ማነጣጠሪያ ሲሆን በሁለት ጫፎቹ ቀዳዳ ያላቸው ትናንሽ ሳንቃዎች አሉት። ከላይ በኩል ደግሞ ቀለበቱ የሚያያዝበት ክፍል «ኩርሲ» ይባላል። አስተውሉ፤ ኩርሲ ማለት ወንበር ነው። የዚህ መሣሪያ ወንበር ግን ከታች ሳይሆን ከላይ ነው። መቆሚያውን ስንነድፍ ይህን አንርሳ።

3. ፈጣን ናሙና ከወረቀት እስከ ማሽን

ናሙና ማለት የመጨረሻው ዕቃ ከመሠራቱ በፊት ስሕተቱን ለማግኘት የሚሠራ የሙከራ ዕቃ ነው። «ፈጣን» የሚለው ቃል የተጨመረበት ምክንያት፣ ናሙናው በአጭር ጊዜና በጥቂት ወጪ ካልተሠራ ሠሪው ስሕተቱን አይቶ እንደገና ለመጀመር ስለሚሰስት ነው። ብዙ የተደከመበት ናሙና እንደ ልጅ ስለሚታይ አይጣልም፤ የማይጣል ናሙና ደግሞ አያስተምርም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በዲያርበኪር በአርቱቅ ነገሥታት ዘንድ ያገለግል የነበረው የመሣሪያ ሊቅ አል-ጀዘሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1206 በጨረሰው መጽሐፉ የውኃ ሰዓቶችንና ሌሎች የረቀቁ መሣሪያዎችን አሠራር ከነሥዕላቸው አስቀምጧል። መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ዶናልድ ሂል እንዳመለከተው፣ አል-ጀዘሪ ንድፉን ለመወሰን የወረቀት ሞዴሎችን፣ ቅርጽን ለመጠበቅ የእንጨት መለኪያዎችን ይጠቀም ነበር። ብረት ከመቅለጡ በፊት ወረቀት ይቆረጥ ነበር ማለት ነው።

በዘመናችን ናሙናን በማሽን በፍጥነት የማውጣት ዘዴ የተጀመረው በ1980ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ጃፓናዊው ሂዲዮ ኮዳማ ብርሃን ሲነካው የሚጠጥር ፈሳሽን በንብርብር በማጠንከር ቅርጽ የማውጣትን ዘዴ በጽሑፍ አቀረበ። አሜሪካዊው ቻርልስ ሀል ለተመሳሳይ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1984 የፈጠራ መብት ጠይቆ በ1986 አገኘ። ፕላስቲክን አቅልጦ በቀጭን ክር እየደራረበ የሚሠራውን ዘዴ ደግሞ ስኮት ክራምፕ እ.ኤ.አ. በ1989 ለመብት አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር በባዝ ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ቦውየር የጀመረው ሬፕራፕ የተባለ ሥራ፣ ማሽኑ የራሱን ክፍሎች በከፊል እንዲሠራና ንድፉ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን አደረገ። የክራምፕ መብት እ.ኤ.አ. በ2009 ካበቃ በኋላ፣ ዛሬ ስሪዲ ፕሪንተር የምንለው አነስተኛ ማሽን ዋጋው ወርዶ ትምህርት ቤቶችና የግል ሠሪዎች ሊገዙት የሚችሉት ሆነ።

የዚህ ማሽን አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። ንድፉ በኮምፒዩተር ይሣላል፤ ለዚህም ፍሪካድና ኦፕንስካድን የመሳሰሉ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ። የተሣለው ቅርጽ ኤስ.ቲ.ኤል. በሚባል የፋይል ዓይነት ይቀመጣል። ስላይሰር የተባለ ሌላ ፕሮግራም ቅርጹን እንደ እንጀራ ንብርብር በቀጫጭኑ ይከፋፍለዋል። ማሽኑም እያንዳንዱን ንብር በቀለጠ ፕላስቲክ እየሣለ አንዱን በአንዱ ላይ ያስቀምጣል። የተለመደው የአፈሙዝ ቀዳዳ 0.4 ሚ.ሜ.፣ የተለመደው የንብር ውፍረት 0.2 ሚ.ሜ. ነው። ፒ.ኤል.ኤ. የተባለው ለጀማሪዎች የሚመከረው ፕላስቲክ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይታተማል።

4. ልኬቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው የአስጡርላብ ሞዴል ለመሥራት ሲነሣ የመጀመሪያ ተግባሩ የሙዚየም ፎቶግራፍ ፈልጎ መገልበጥ ነው። ውጤቱ የሚያምር፣ ነገር ግን የሚዋሽ ዕቃ ይሆናል። ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው የቦታ ለውጥ ነው። ሰፊሓ የሚሠራው ለአንድ ኬክሮስ ነው። ለሐለብ የተነደፈ ሳሕን አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። ሁለተኛው የዘመን ለውጥ ነው። የምድር ዘንግ በዝግታ ስለሚንቀጠቀጥ የከዋክብት ቦታ በመለኪያው ላይ በ72 ዓመት ወደ 1 ዲግሪ ያህል ይሸሻል። ስለዚህ በነስጡሉስ ዘመን የተነደፈ ዐንከቡት ዛሬ በ15 ዲግሪ ያህል ይሳሳታል። ሠሪው ፎቶግራፉን ለውበቱ ይመልከት፤ ልኬቱን ግን ራሱ ያስላ።

ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሚያውቀው ታንጀንትና ሳይን አያልፍም። ሰፊሓው የሰማይ ሉል ከአንድ ዋልታ ታይቶ በሰማይ ወገብ ጠለል ላይ የተዘረጋበት ሥዕል ነው። የሰፊሓው ዳር የጀዲ መስመር ነው፤ ጀዲ፣ ሸርጣን፣ ሐመልና ሚዛን የሚሉት ስሞች በአማርኛችንም ከዐረብኛው ጋር አንድ በመሆናቸው ለአንባቢ እንግዳ አይደሉም። የጀዲ መስመርን ሬዲየስ 80 ሚ.ሜ. እናድርገው። የምድር ዘንግ ዝንባሌ 23.44 ዲግሪ ነውና ይህን ከ90 ቀንሰን ለሁለት ብንከፍለው 33.28 ዲግሪ ይሆናል፤ ታንጀንቱም 0.656 ነው። ስለዚህ፦

የሰማይ ወገብ ሬዲየስ 80 ሲባዛ በ0.656 ወይም 52.5 ሚ.ሜ. ነው።
የሸርጣን መስመር ሬዲየስ 52.5 ሲባዛ በ0.656 ወይም 34.5 ሚ.ሜ. ያህል ነው።

እነዚህ ሦስት ክቦች ማዕከላቸው አንድ ነው። ለየትኛውም አገር አይለወጡም። የሚለወጠው የአድማስ መስመር ነው። የአድማስ ክብ ሬዲየስ 52.5 ለኬክሮሱ ሳይን ሲካፈል ይገኛል፤ ከሳሕኑ ማዕከል እስከ ክቡ ማዕከል ያለው ርቀት ደግሞ 52.5 ለኬክሮሱ ታንጀንት ሲካፈል ይገኛል። ለመካ 21.4 ዲግሪን ብንወስድ ሬዲየሱ 144 ሚ.ሜ. ያህል ይሆናል። ለአዲስ አበባ 9 ዲግሪን ብንወስድ ግን ወደ 336 ሚ.ሜ. ያድጋል። በዚህም ምክንያት በእኛ አገር ሰፊሓ ላይ አድማስ ቀጥ ያለ መስመር ለመምሰል የቀረበ ነው። በቀላሉ ለመፈተን ደግሞ ይህን ያዙ፦ የአድማስ መስመር የቀትርን መስመር የሚያቋርጠው ለአዲስ አበባ ከማዕከሉ በ4.1 ሚ.ሜ.፣ ለመካ በ9.9 ሚ.ሜ.፣ ለሐለብ በ17.2 ሚ.ሜ. ርቀት ነው። አንድ ሰው «ለአዲስ አበባ የተሠራ ነው» ብሎ ሲያሳያችሁ ማስመሪያ አውጥታችሁ ይህን ነጥብ ለኩ።

የኮከብ ሹል ጫፍ ቦታም እንዲሁ ይሰላል። ኮከቡ ከሰማይ ወገብ ያለውን ርቀት ከ90 ቀንሰን፣ ለሁለት ከፍለን፣ ታንጀንቱን በ52.5 እናባዛለን። ኮከቡ ከወገቡ በስተደቡብ ከሆነ ርቀቱ በመቀነስ ፈንታ ይደመራል። ለምሳሌ አድ-ደበራን ከወገቡ በስተሰሜን 16.5 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ ሬዲየሱ 39.2 ሚ.ሜ. ይሆናል። ሪጅል የተባለው ደማቅ ኮከብ በስተደቡብ 8.2 ዲግሪ ላይ ስለሆነ 60.6 ሚ.ሜ. ይሆናል። በዐንከቡቱ ላይ የፀሐይ ዓመታዊ ጎዳና የሆነው ክብም አለ። እርሱ የጀዲንና የሸርጣንን መስመሮች የሚነካ ስለሆነ ሬዲየሱ 57.2 ሚ.ሜ.፣ ማዕከሉም ከሳሕኑ ማዕከል 22.8 ሚ.ሜ. የራቀ ነው።

5. ሞዴሉና መቆሚያው አብረው ሲነደፉ

አሁን ወደ ቅርጹ እንለፍ። ኡም ዲያሜትሯ 180 ሚ.ሜ.፣ ውፍረቷ 6 ሚ.ሜ. ይሁን። ሆድዋ 4 ሚ.ሜ. ይጎድጉድ፤ ሰፊሓው 2 ሚ.ሜ.፣ ዐንከቡቱም 2 ሚ.ሜ. ሆነው በውስጡ ይተኛሉ። የሰፊሓው ሬዲየስ 80 ሚ.ሜ. ስለሆነ የጎድጓዳው ሬዲየስ 80.3 ሚ.ሜ. ይሁን፤ ያች 0.3 ሚ.ሜ. ክፍተት ከሌለች ክፍሎቹ አይገጥሙም። ዐንከቡቱ በነጻ እንዲዞር ሬዲየሱ 79.5 ሚ.ሜ. ይበቃዋል። የዐንከቡቱ ቀጫጭን ክንዶች ከ2 ሚ.ሜ. ባያንሱ ይሻላል፤ አለዚያ በልጆች እጅ ይሰበራሉ። ሰፊሓው በኡም ውስጥ እንዳይዞር በዳሩ ትንሽ ጥርስ ይኑረው፤ ጥርሱም በኡም በኩል ከተቆረጠ ጎድጓዳ ይግባ። ኩርሲው 30 ሚ.ሜ.፣ ማያያዣውና ቀለበቱ 25 ሚ.ሜ. ቁመት ቢኖራቸው የጠቅላላው ዕቃ ቁመት 235 ሚ.ሜ. ይሆናል። ሁሉም ጠጣር ሆኖ ቢታተም ክብደቱ 175 ግራም ያህል ነው።

መቆሚያው ለእነዚህ ልኬቶች መልስ ይሰጣል። አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንጠይቅ።

ሀ. በምን ይያዛል? በቀለበቱ ብቻ። ከታች የሚደግፍ ነገር ካለ መሣሪያው በራሱ ክብደት ቱንቢ መሆን አይችልም። ስለዚህ መንጠቆው ከወለሉ 260 ሚ.ሜ. ከፍ ይበል፤ ከዕቃው በታች 25 ሚ.ሜ. ባዶ ቦታ ይቀራል።

ለ. ቋሚው የት ይተከል? ብዙዎች የመስታወት መቆሚያ ዓይነት፣ በግራና በቀኝ ሁለት ቋሚዎች ያሉትን ይመርጣሉ። ለአስጡርላብ ግን ይህ አይሆንም። ዒዷዳው የሚያነጣጥረው ከሳሕኑ ጎን ለጎን በመሆኑ ሁለቱ ቋሚዎች የፀሐይን ጨረር ይጋርዳሉ። ስለዚህ አንድ ቋሚ ብቻ ከጀርባ ይተከል። ዒዷዳው ያለው በጀርባ ስለሆነም በቋሚውና በመንጠቆው መስመር መካከል 50 ሚ.ሜ. ቦታ ይተው፤ የተማሪ ጣት ይግባበት።

ሐ. እንዳይወድቅ ምን ይደረግ? ከመንጠቆው የሚወርድ ቱንቢ በመሠረቱ መካከል ማረፍ አለበት። የመሠረቱ ጥልቀት 150 ሚ.ሜ.፣ ስፋቱ 180 ሚ.ሜ.፣ ውፍረቱ 20 ሚ.ሜ. ይሁን። 20 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ቋሚ ከኋላው ዳር 5 ሚ.ሜ. ገባ ብሎ ቢተከል የፊት ገጹ ከኋላው ዳር በ25 ሚ.ሜ. ላይ ይውላል። በዚህ ላይ 50 ሚ.ሜ. ብንጨምር መንጠቆው በ75 ሚ.ሜ. ማለትም በትክክል በመሠረቱ እኩሌታ ላይ ይሆናል። መሠረቱ ከዋንዛ ወይም ከሌላ ደረቅ እንጨት ቢሠራ ከተንጠልጣዩ ዕቃ ይከብዳል፤ ይህም እንዲሆን የምንፈልገው ነው። ክንዱና መንጠቆው ብቻ በማሽን ይታተሙ፤ እንጨት ርካሽና ጠንካራ ሆኖ ሳለ ትልቅ ሰሌዳ በፕላስቲክ ማተም ጊዜንና ገንዘብን ማባከን ነው።

መ. የአገራችን ሰማይ ምን ይጠይቃል? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአዲስ አበባ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት አካባቢ፣ በቀትር ከአናታችን በላይ ታልፋለች። በእነዚያ ቀናት ዒዷዳው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከኋላ የሚመጣው የመቆሚያው ክንድ ጥላውን ይጥልበታል። መፍትሔው ክንዱን አንድ ወፍራም ዘንግ ከማድረግ ይልቅ በመካከላቸው 12 ሚ.ሜ. ክፍተት ያላቸው ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ማድረግ ነው፤ ብርሃኑ በመካከላቸው ያልፋል። ፀሐይ ከአናት በላይ በማታልፍባቸው በሰሜን ባሉ አገሮች ይህ ችግር የለም። እንግዲህ ሰፊሓው ብቻ ሳይሆን መቆሚያውም ለአገሩ ኬክሮስ ይነደፋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ውበት ይታሰባል። የመሠረቱ የፊት ዳር የኩርሲውን ቅርጽ ደግሞ ቢይዝ፣ ቀለሙም ከኡም ቀለም ጋር ቢስማማ ሁለቱ የአንድ እጅ ሥራ መሆናቸው ይታወቃል። በመሠረቱ ላይ «ለ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ የተሠራ» የሚል ጽሑፍና የተሠራበት ዓመት ይቀረጽ። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ ዕቃው የትና መቼ እውነት እንደሚናገር ለተመልካች መንገር ነው።

6. አራቱ የናሙና ደረጃዎች

የመጀመሪያው ደረጃ ወረቀትና ካርቶን ነው። ሰፊሓውን በእውነተኛ ልኩ በወረቀት ንደፉ፤ ዐንከቡቱን ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ወረቀት ላይ ሣሉ፤ ሁለቱን በመካከል በመርፌ አያይዛችሁ አዙሩ። መቆሚያውንም ከካርቶን ቆርጣችሁ አቁሙ። በዚህ ደረጃ የስሌት ስሕተት፣ የቁመት ስሕተትና የጣት መግቢያ ጥበት ሁሉ ይጋለጣል። ማሽን ለሌላችሁም ይህ ደረጃ ብቻውን ሙሉ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ቁራጭ ሙከራ ነው። ሙሉውን ዕቃ ከማተማችሁ በፊት የሚያስቸግሩትን ቦታዎች ብቻ ቆርጣችሁ አትሙ፦ ከጎድጓዳው ዳር ጥቂት፣ ከዐንከቡቱ አንድ ሹል ጫፍ፣ የማዕከሉን ቀዳዳና ዘንጉን። ዘንጉን 0.2፣ 0.3 እና 0.4 ሚ.ሜ. ክፍተት እየሰጣችሁ ሦስት ጊዜ አትሙና የትኛው ሳይላላና ሳይጠብቅ እንደሚዞር እዩ። ማሽኖች ይለያያሉና በመጽሐፍ የተጻፈ ቁጥር የእናንተን ማሽን አይተካም።

ሦስተኛው ደረጃ ረቂቅ ኅትመት ነው። ሁሉም ክፍሎች በወፍራም ንብር፣ ማለትም በ0.3 ሚ.ሜ.፣ ይታተማሉ። መልካቸው ሸካራ ቢሆንም አብረው መግጠማቸውና መንጠልጠላቸው ይታያል። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ዕቃውን በየክፍሉ ለያይታችሁ አትሙ፤ መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው አንዱ ክፍል እንጂ የቀኑ ሥራ ሁሉ አይሆንም።

አራተኛው ደረጃ የመጨረሻው ኅትመት ነው። በ0.2 ሚ.ሜ. ወይም ከዚያ በቀጠነ ንብር ይታተማል፤ ዳሩ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ የተቀረጹት መስመሮች በቀለም ተሞልተው ትርፉ ይጠረጋል። ፒ.ኤል.ኤ. 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ስለሚለሰልስ፣ ያለቀውን ዕቃ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ዳር ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ መተው አይገባም።

በየደረጃው የተገኘውን ስሕተትና የተደረገውን ለውጥ በደብተር መዝግቡ። ናሙናው ቢጣልም መዝገቡ ይቀራል።

7. ፈተናው

ያለቀው ሞዴል ከመታየቱ በፊት ሦስት ፈተናዎችን ይለፍ።

አንደኛው የቱንቢ ፈተና ነው። መሠረቱን በውኃ ልክ አስተካክሉ። ዕቃውን ከመንጠቆው አንጠልጥሉ። በመንጠቆው ላይ ትንሽ ክብደት የታሰረበት ክር አንጠልጥላችሁ ክሩ በማዕከሉና በታችኛው የዳር ምልክት ላይ ማለፉን እዩ። ኩርሲው ወደ አንድ ጎን ከከበደ ወይም የውስጥ አሞላሉ እኩል ካልሆነ ዕቃው ያዘነብላል። በእኛ ልኬት የክብደቱ ማዕከል 2.5 ሚ.ሜ. ብቻ ወደ ጎን ቢሸሽ ዕቃው ወደ 1 ዲግሪ ያህል ያጋድላል። አንድ ዲግሪ የከፍታ ስሕተት ደግሞ በሰዓት ሲተረጎም ቢያንስ 4 ደቂቃ ነው። የሰላትን ወቅት ለመለካት ይጠቀሙበት ለነበሩ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው የመገልበጥ ፈተና ነው። የፀሐይን ከፍታ በዒዷዳው ለኩ፤ ወዲያውኑ መሣሪያውን በአቀባዊ ዘንጉ ግማሽ ዙር አዙራችሁ በሌላው ጎን መለኪያ እንደገና ለኩ። ሁለቱ ንባቦች እኩል ካልሆኑ የልዩነታቸው እኩሌታ የመሣሪያው ስሕተት ነው። በዚህ ጊዜ አጥብቀን የምናሳስበው ጉዳይ አለ፦ ማንም ሰው በቀዳዳው በኩል ፀሐይን በዓይኑ እንዳያይ። የላይኛው ቀዳዳ ያሳለፈው የብርሃን ነጥብ በታችኛው ሳንቃ ላይ ሲያርፍ ማየት ይበቃል፤ ዓይንን ወደ ፀሐይ ማቅናት ዕውርነትን ሊያስከትል ይችላል።

ሦስተኛው የሰዓት ፈተና ነው። የፀሐይን የዕለቱን ቦታ በዐንከቡቱ ላይ ፈልጉ፤ በለካችሁት የከፍታ መስመር ላይ እስኪያርፍ አዙሩ፤ ሰዓቱን ከዳሩ አንብቡና ከእጅ ሰዓት ጋር አነጻጽሩ። የፀሐይ ሰዓትና የእጅ ሰዓት እንደ ወቅቱ እስከ ሩብ ሰዓት ያህል፣ እንደ አካባቢው ኬንትሮስም ተጨማሪ ደቂቃዎች ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ አንድ ቀን ለክቶ ከመፍረድ በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ መለካት ይገባል።

8. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ የሞዴል ሥራ የሚጀምረው በማሽኑ ሳይሆን በጥያቄው ነው፦ ይህ ዕቃ ምን እውነት እንዲናገር ነው የምንሠራው? አስጡርላብ ከቀለበቱ ተንጠልጥሎ፣ ለአገሩ ኬክሮስ ተነድፎ፣ በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ ካልቆመ የመዳብ ቀለም የተቀባ ክብ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። እውነቱን የሚጠብቅለት ደግሞ ስሌቱና መቆሚያው በአንድነት ናቸው። ፈጣን ናሙና የሰጠን ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ ሳይሆን ስሕተትን ገና ርካሽ ሳለ የማግኘት ዕድል ነው። አል-ጀዘሪ በወረቀት ያገኘውን ዕድል እኛ በወረቀትም በማሽንም አግኝተናል፤ የሚቀረው ትዕግሥት ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የምትኖሩበትን ከተማ ኬክሮስ ፈልጉ። በ80 ሚ.ሜ. ሰፊሓ ላይ የአድማስ ክቡ ሬዲየስና የማዕከሉ ርቀት ስንት ይሆናሉ?
2. አን-ነስር አጥ-ጧኢር የተባለው ኮከብ ከሰማይ ወገብ በስተሰሜን 8.9 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ሹል ጫፉ ከማዕከሉ በስንት ሚ.ሜ. ርቀት ይቀመጣል?
3. የተንጠልጣዩ ዕቃ ዲያሜትር ወደ 120 ሚ.ሜ. ቢቀንስ ከመቆሚያው ልኬቶች የትኞቹ ይለወጣሉ? የትኛውስ አይለወጥም? ምክንያታችሁን ጻፉ። (ፍንጭ፦ የተማሪው ጣት አብሮ አይቀንስም።)
4. ከመስጊድ፣ ከቤት ወይም ከገበያ አንድ ዕቃ ምረጡና በጥቅም ላይ ሲውል በምን እንደሚያዝ ተመልከቱ። ያንን አኳኋን የማይለውጥ መቆሚያ በካርቶን ሥሩ።

መልሶቻችሁን በመጀመሪያ በወረቀት ሞክሩ። ለሥራችሁ ሁሉ ተውፊቅን ይስጣችሁ፤ ወሏሁ አዕለም።